የዳግማዊት ቀሚስ ዓይኖች

ሽሮ ሜዳ ላይ ወፍ ማረፍ ካቆመ ቆይቷል። ከእንጦጦ የሚወርደው ጭልፊት ገበያው ጫፍ ሲደርስ ይታጠፍና በሌላ በኩል ይዞራል፤ ድንቢጦቹም ከሽቦው ላይ ጠፍተዋል። በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀሉት ቀሚሶች ዓይን አላቸው፤ ዓይኖቹም ወደ ላይ ያያሉ። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። እንዲያውም መኪናችን በኩስ ከመበላሸት ዳነ ብሎ ተመስገን የሚል አለ።

ወይዘሮ ሄራን ሱቋን የምትከፍተው ፀሐይ ሳትጠነክር ነው። ስሟ የዘመኑ ስም ነበር፤ እናቶች ሁሉ ልጃቸውን ሄራን፣ ሶልያና፣ ኤልዳና ሲሉ ነው የተወለደችው። ዛሬ እነዚያ ኤልዳናዎች ጉልበታቸውን እያሹ ደረጃ የሚወጡ አሮጊቶች ሆነዋል። ሄራን ግን ገና ጠንካራ ናት፤ መነጽር እንኳ አልለመደችም፣ በዚህም ትኮራለች።

የቁም ሣጥኑን በር ስትከፍት ቀሚሶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሌሊቱን ተጨማደው ያደሩት እጥፋታቸውን ይዘረጋሉ፣ ጫፋቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። ውሃ ትረጭባቸዋለች፤ ከዚያ ማር በተበጠበጠበት ሳህን ውስጥ ዘርፋቸውን ትነክራለች። ሲጠጡ የሚሰማው ድምፅ ድመት ወተት ስትልስ ከሚሰማው አይለይም። ጠጥተው ሲጨርሱ ዝም ይላሉ። እሷም እጇ ላይ የቀረውን ዱቄት መሳይ ብናኝ በሽርጧ ትጠርግና የራሷን ቁርስ ትበላለች።

ጨርቁ ክንፍ ነው። የቢራቢሮ ክንፍ በሜትር መሸጥ የጀመረው መቼ እንደሆነ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ከሐይቅ ዳር ፋብሪካ ነጭ ሆኖ በጥቅል ይመጣል፣ ሰፊዎቹም እንደ ሸማ ይቆርጡታል። ሄራን ሙያውን የተማረችው በልጅነቷ እዚያው ፋብሪካ ስትሠራ ነው። ያኔ ገና ቢራቢሮው ከነነፍሱ ይረባ ነበር። አባጨጓሬው ራሱን ጠቅልሎ ሙሽሬ ሲሆን፣ ክንፉ በሽፋኑ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ይተኛል፤ መልኩ የሚወሰነውም ያን ጊዜ ነው። ሙቀት ያገኘው ይቀላል፣ ብርድ የመታው ይጠቁራል። በጋለ መርፌ ጫፍ ነካ ያደረጉት እንደሆነ ደግሞ የተነካው ቦታ ዙሪያውን ላለው ሁሉ ወሬ ያቀብላል፦ አጠገቡ ያለው ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ያለው ወርቃማ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቡናማ፣ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይቀራል። ዓይን ይሆናል። ክንፍ በተጎዳበት ቦታ ዓይን ያበቅላል ማለት ነው። አንዴ ከደረቀ ግን ቢወጉትም ቢያቃጥሉትም መልኩን አይለውጥም።

ይህን የሽሮ ሜዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉም ስለሚያውቀውም ማንም አያስበውም።

የሙሽራ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ሙሽራ በሠርጓ ቀን የምትለብሰው ክንፍ ነጭና እርጥብ ነው። የዓመት ቀሚስ ይባላል። ማር እያጠጣች ዓመቱን ሙሉ በቤቷ ትለብሰዋለች፤ የማዕድ ቤቷ እንፋሎት፣ የመኝታዋ ሙቀት፣ በመስኮቷ የሚገባው ፀሐይ ቀስ እያለ መልክ ይሰጠዋል። ዓመት ሲሞላ የሁለቱም ወገን ዘመድ ተጠርቶ ይደርቅና ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ታዲያ ትዳሯ እንዲህ ጭር ያለ ቡናማ ሆኖ እንዳይታይባት የምትፈራ ሙሽራ ሹልክ ብላ ሽሮ ሜዳ ትመጣለች። ሄራን ትከሻዋ ላይ ሁለት፣ ዘርፉ ላይ ደርዘን ያህል ዓይን ትተክልላትና ትሸኛታለች። ዓይን ተካይዋ ሄራን ሲሏት ደስ ይላታል።

አንድ ልጅ አለቻት፣ ዳግማዊት። አዳማ ነው የተዳረችው። ባሏ ኢዮስያስ የባቡር መሐንዲስ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ አማቱን ባየ ቁጥር ከወንበሩ የሚነሣ፣ ሰላምታው ጉልበት የሚነካ ልጅ። ሄራን ስለ እሱ ስታወራ ሰው ይሰለቻል።

ዳግማዊት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሳትደውል፣ ብቻዋን መጣች። የለበሰችው የዓመት ቀሚሷን ነበር። የዓመት ቀሚስ ለብሶ መንገድ አይወጣም፤ ይህን ሄራን ከማንም በላይ ታውቃለች። ልጅቷ ግን ያንን ለብሳ፣ በላዩ ነጠላ ጣል አድርጋ በባቡር መጥታለች። ሄራን አገላብጣ ሳመቻት፣ ከሳሽ አለቻት፣ ውሃ ሰጠቻት።

"እማዬ፣ እስቲ እይው" አለች ዳግማዊት፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ እያወረደች።

ሄራን አየችው። ቀኝ ክንዷ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ፣ ጎኗ ላይ በሕይወቷ አይታ የማታውቃቸው ዓይኖች ነበሩ። ነጭ ነጥብ የላቸውም። መሐላቸው ወይን ጠጅ ነው፤ ወደ ዳር ሲወጣ አረንጓዴ፣ ከዚያ እንደ ቅቤ ቢጫ ይሆንና ጠርዙ ሳይታወቅ ነጩ ውስጥ ይጠፋል። የመርፌ ዓይን ያፈጣል እንጂ አያይም። እነዚህ ግን የሚያዩ ይመስላሉ።

"ማን ነው የተከለልሽ?"

ዳግማዊት የእናቷን ፊት ስታይ ቆየች።

"እዚያው አዳማ።"

"አዳማ? አዳማ እንዲህ ያለ ሰው አለ?"

"በደንብ እይው እማዬ።"

"እያየሁት እኮ ነው ልጄ" አለች ሄራን፣ ወደ መስኮቱ እየጎተተቻት። "እጁ ይባረክ! እንዴት አድርጎ ነው ጠርዙን እንዲህ ያሟሟው?"

እዚህ ላይ ሄራንን አለመቆጣት ከባድ ነው። ክፉ እናት አልነበረችም። ልጇ ስታስነጥስ እንቅልፍ የሚያጣት ሴት ናት። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስታይ ኖራ፣ ጨርቅ ሲያሳዩዋት ጨርቁን አየች። ከዚያም በላይ ቀንታ ነበር፤ ከእሷ የበለጠ እጅ አዳማ ውስጥ መኖሩ አልዋጥላት አለ። ዳግማዊት እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ኖላዊት ገባች። ኖላዊት ልጇን ማራናታን ልትድር የምትሯሯጥ፣ ያየችውን ሁሉ ካላገኘች የምትታመም ደንበኛ ናት። በሩ ላይ ቆማ አፏን ያዘች።

"ሄርዬ፣ በሞቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? የኔዋ ይሄንን ካለበሰች አላገባም ትላለች!"

"ይደርሳል" አለች ሄራን። ዋሸች፤ እንዴት እንደሚሠራ አታውቅም።

ኖላዊት ከሄደች በኋላ ዳግማዊት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ "እማዬ፣ ትንሽ ጊዜ እዚህ ልቆይ?" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው? ቀሚሱ ሳይደርቅ ከቤቱ ውጪ ያድራል እንዴ? ገድ የለውም። ባልሽስ ምን ይላል?"

ሄራን ይህን ብላ ዝም አላለችም፤ ለኢዮስያስ ደወለች። እሱም ፓፓያ በፌስታል ይዞ፣ እየሣቀ መጣ። ዳግማዊት ሲገባ አላየችውም፤ ወለሉን ነበር የምታየው።

"አስቸገረችዎት አይደል እማ?" አለ።

"ኧረ ምን ቸግሮኝ! እንዲያው ይህን ዓይን የት እንዳሠራችሁ ንገረኝና ሂዱ።"

ኢዮስያስ ቀሚሱን አየ፣ አማቱን አየ። ለአፍታ ሣቁ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ጀመረ። "የቤት ምስጢር ነው እማ" አለና ሚስቱን በክንዷ ያዛት። ሄራን ከመሄዳቸው በፊት የዓይኖቹን አቀማመጥ በስስ ወረቀት ገልብጣ አስቀርታ ነበር። ደጅ ድረስ ሸኘቻቸው፣ መረቀቻቸውም።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ ሌላ ሆነ። መርፌውን አወፈረች፤ የወጣው ያው የሚያፈጥ ዓይን ነው። የጋለ ማንኪያ ሞከረች፣ በረዶ ሞከረች፣ በጣቷ ቆነጠጠች። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በእንጨት መዶሻ መታችው፤ ዓይን አወጣ፣ ግን ዕውር ዓይን፣ ግራጫና ጠፍጣፋ። ሌሎቹ ቀሚሶች መዶሻው በወረደ ቁጥር ቁም ሣጥኑ ውስጥ ይንኮሻኮሹ ነበር። በሩን ዘጋችባቸው።

መንገዱን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። ጨርቁ ሙቀት እንዳያጣ ክንዷ ላይ ጠቅልላው ስትሠራ፣ ዞር ስትል ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨች። ሕመሙ እንባ አስመጣባት። ክንዷ አበጠ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ጨርቁም ያን ቦታ እየተከተለ፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ አወጣ። የሚያይ ዓይን! ሄራን ብቻዋን እልል አለች። ነገሩ ለካ ቀላል ኖሯል፤ ከጨርቁ ሥር ሥጋ መኖር አለበት፣ ሥጋውም ደም መቋጠር አለበት።

ያኔም አልገባትም። አዳማ ያለው ባለሙያ ደንበኞቹን አልብሶ በመዶሻ እንደሚመታ አሰበች፤ ጎበዝ ነው አለች። ሰው ማየት ያልፈለገውን ነገር ላለማየት ስንት ብልሃት እንዳለው ሄራንን አይቶ መማር ይቻላል።

ክረምቱ ሳይገባ ሽሮ ሜዳ ሌላ ልማድ አወጣ። ሴቶቹ እርጥብ ክንፍ ለብሰው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሄራን በጨርቅ የተጠቀለለ መዶሻዋን ታነሣለች። "ትንፋሽሽን ያዢ" ትላለች። ይመታሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይሥቃሉ። አንዷ ስትመታ ሌሎቹ በስልካቸው ይቀርጿታል። ከሱቁ የሚወጡ ሴቶች ክንዳቸውን እያሹ፣ የት ላይ እንዳሠሩ እየተነጋገሩ ታክሲ ይሳፈራሉ። ሰልፉ ሲበዛባት ሄራን ጎረቤቷን ሶልያናን አስተማረቻት፤ አብረው ያደጉ፣ ስኳር ሲያልቅ የሚበዳደሩ ባልንጀሮች ናቸው። ወሬው አዳማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ ደረሰ። ዳግማዊት በዚያ ሁሉ ጊዜ አልደወለችም። ሄራን ስትደውል ስልኩን የሚያነሣው ኢዮስያስ ነበር፤ ተኝታለች፣ ወጥታለች፣ ታጥባ እየወጣች ነው ይላል። ሄራን ስልኩን ዘግታ ወደ መዶሻዋ ትመለሳለች።

በመጨረሻ ማራናታ ለሠርጓ ቀሚስ መጣች። እናቷ ኖላዊት አብራ ናት፤ ሌላ ዓይን አንፈልግም፣ ያየሁትን ራሱን፣ በዚያው አቀማመጥ አለች። ሄራን ስሱን ወረቀት አወጣች። ክንድ ላይ ያሉት ዓይኖች በመደዳ የተቀመጡ አራት ናቸው፤ አምስተኛው በወዲያኛው በኩል ለብቻው ነው፣ ተለቅ ያለ። መዶሻው እንዲህ ለመደዳ አይመችም። ቦታውን ለመለካት ወረቀቱን በማራናታ ክንድ ላይ ጠቀለለችና በእጇ ያዘችው።

ጣቶቿ መደዳው ላይ አረፉ። አውራ ጣቷ ወደ ወዲያኛው ዓይን ሄደ፤ አልደረሰም። የሚደርሰው ከእሷ የሰፋ እጅ ነው።

ሄራን አልተንቀሳቀሰችም። ማራናታ አንገቷን አዙራ አየቻት።

"ጠበቅ አርጊው እንጂ እማማ ሄራን፤ እንዲህማ አይወጣም" አለች እየሣቀች።

ሄራን እጇን ከልጅቷ ክንድ ላይ አነሣችው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። ከዚያ ጀርባው ላይ ያሉትን፣ ጎኑ ላይ ያሉትን አስታወሰች። የወደቀች ሰው የምትመታበት ቦታ ነው። ልጇ ያንን ቀሚስ ለብሳ፣ ልማድ ጥሳ፣ ሰው እያየባት በባቡር የመጣችው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። እሷ ደግሞ እጁ ይባረክ ብላ፣ መርቃ፣ በገዛ ስልኳ ጠርታ አስረከበቻት። ጮኸች። ኖላዊት ውሃ ልታመጣ ሮጠች፤ ሄራን ግን ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ባቡር ጣቢያው ወጥታ ነበር።

አዳማ በሩን የከፈተችላት ዳግማዊት ናት። ቀሚሱ ላይ ነጭ ቦታ አልቀረም። ሄራን አቅፋ ልትስማት ስትል ልጅቷ ሳታስበው ፊቷን በክንዷ ከለለች። ኢዮስያስ ከወንበሩ ተነሣ፣ እንደ ልማዱ። ሄራን ስትሰድበው ስልኩን አንሥቶ፣ "ሽማግሌ ይግባበት፣ እኔ ምን ሸሽጌ?" አለና ሠርጉን የያዙትን ሽማግሌዎች ጠራ።

መጡ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ሄራን ልጇን የቤት ልብስ አስለውጣ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ይኸው" አለች።

ትልቁ ሽማግሌ አቶ ማቴዎስ ጎንበስ ብለው አዩት። "ያምራል" አሉ። "የእርስዎ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። የኔም ልጅ እንዲህ ያለ አላት፤ እርስዎ ዘንድ መጥታ ነው ያሠራችው።"

"ይሄ የኔ አይደለም! ይሄ የሱ ዱላ ነው!"

"እማ" አለ ኢዮስያስ፣ በሚያሳዝን ድምፅ፣ "ከተማው በሙሉ የለበሰውን እኔ ደበደብኩ ማለት ነው? ልጅዎ ፋሽን ወደደች። ፋሽኑን ያመጡት እርስዎ ነዎት።"

"እጅህን አምጣ። እዚህ ላይ አስቀምጥ!"

ኢዮስያስ ሳያመነታ የቀሚሱን እጅጌ በእጁ ጨበጠ። አራቱ ጣቶች በአራቱ ላይ፣ አውራ ጣቱ በአምስተኛው ላይ ልክክ አሉ። በዚያው ቅጽበት ጨርቁ ከመዳፉ ሥር ተሸበሸበ፣ ተጎተተ፣ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሸሸ። ሁሉም አዩት። አንደኛው ሽማግሌ መስኮቱን እያዩ፣ "ብርድ ነው" አሉ።

"የባል እጅ በሚስቱ ክንድ ልክ ቢሆን ምን ይገርማል፣ ወይዘሮ ሄራን?" አሉ አቶ ማቴዎስ። ከዚያ ለዳግማዊት፣ "እስቲ ልጄ፣ ገላሽን አሳዪን" አሏት።

ዳግማዊት እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ንጹሕ ነበር፤ ሥጋ ይድናል። ያለፈውን የሚያስታውሰው ጨርቁ ብቻ ነው፣ ጨርቁን ደግሞ የሚያምነው ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ቀሚሱ ዓመቱ ሲሞላ በደስታ እንዲደርቅ፣ ባልና ሚስት ይቅር እንዲባባሉ ፈረዱ።

ሄራን ተነሣች። ቀሚሱን ጠቀለለች፣ ልጇን በእጇ ይዛ ወደ በሩ ሄደች።

"ሽማግሌ ረግጠው?" አሉ አቶ ማቴዎስ።

"ረግጬ" አለች።

ባቡሩ ውስጥ ሴቶች ሞልተው ነበር፣ ሁሉም ወይን ጠጅና አረንጓዴ ዓይን ለብሰዋል። ሄራን አንድ በአንድ አየቻቸው። የቱ በመዶሻ፣ የቱ በእጅ እንደወጣ መለየት አልቻለችም፤ እሷ ያልለየችውን ማን ይለየዋል? አንዲት ወጣት ከፊቷ ተቀምጣ እጅጌዋን ወደ ታች እየሳበች በመስኮት ትመለከታለች። ሄራን አንድ ነገር ልትጠይቃት አፏን ከፈተች። ልጅቷ ግን በሚቀጥለው ጣቢያ ወረደች።

"እማዬ" አለች ዳግማዊት፣ ከአዳማ ከወጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። "መጀመሪያ ያሳየሁት እኮ ለአንቺ ነው።"

ሄራን አለቀሰች። ዳግማዊት አልቆጣቻትም፣ አላጽናናቻትምም።

በማግስቱ ሄራን ሱቁን አልከፈተችም። መዶሻውን ከማገዶው ጋር አቃጠለችው። ከደጅ የተሰለፉት ሴቶች በሩን አንኳኩ፣ ጠሩዋት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ በር ተሻገሩ። ብዙም ሳይቆይ ከግድግዳው ማዶ የመዶሻ ድምፅ ጀመረ።

ሄራን ሮጣ ሄደች። ሶልያና እጅጌዋን ሰብስባ መዶሻዋን እንደያዘች ዞረች።

"ሶሊ፣ ተይው። እለምንሻለሁ፣ ተይው። ልጄ ከማዶ ትሰማለች።"

"ምነው ሄርዬ፣ ምን ነካሽ? ካንቺው አይደል የተማርኩት?" አለች ሶልያና፣ ከልቧ ግራ ተጋብታ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን እንደያዘች ናት። ከኋላዋ ያሉት ክንዳቸውን ገልጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹ ሄራንን ሲያዩ በደስታ እጃቸውን አውለበለቡላት።

ተመለሰች። ዳግማዊት ከሱቁ ጀርባ ባለው ጓዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከግድግዳው ማዶ መዶሻው ያርፋል፣ ሴቶች ይሥቃሉ። ዳግማዊት በእያንዳንዱ ምት ትከሻዋን ትሰበስባለች።